ወንጭፉ፣ ያ መንጋጋህስ?

ወንጭፉ፣ እንደምን ከረምክ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። የብሩን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ምን ይራራቃሉ? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ አንድ ቡና ጠጥቼ መመለስ ያቃተኝ ሰው ምን ብዬ ላመካኝ?

አሁን ያስጻፈኝ ጥርስ ነው። አዎ፣ ያ ጥርስ። ሆጤ ትምህርት ቤት ጀርባ በወንጭፍ የመታኸኝ። እማዬን «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብዬ የዋሸሁልህ። አሥረኛ ክፍል ስንደርስ ግራጫ ሆኖ ሴት ልጅ ባየሁ ቁጥር አፌን ያስከደነኝ። 27 ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ በቅርቡ ተነሣብኝ።

መጀመሪያ ስነክስበት ብቻ ነበር የሚያመኝ። ከሌሎቹ የረዘመ ይመስለኛል፤ ዳቦ ሲነካው እዘላለሁ። ቅርንፉድ ያዝኩበት። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፣ በሽታውን ግን አይነካውም። አንድ ጠዋት መስታወት ሳይ ከአፍንጫዬ ስር እንቁላል የተቀበረ ይመስላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደነገጠች።

እዚህ ላይ አንድ ሞኝነት ልናዘዝ። መሳቢያ ውስጥ ከማን እንደተረፈ የማላውቀው አሞክሲሲሊን አግኝቼ ሁለት ቀን ዋጥኩ። እብጠቱ ጎደለ፣ ዳንኩ ብዬ ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ከትኩሳት ጋር፣ እስከ ጉንጬ። ጎረቤታችን ደግሞ «የላይ ጥርስ ከተነካ ዐይን ያጠፋል» ብለው አስፈራሩኝ። እኔ እንኳን ይህ ተጨምሮ፣ መርፌ ስፈራ ታውቀኛለህ። ክትባት ሲመጣ በአጥር የዘለልነው... እሱ ይቅር።

በመጨረሻ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ ታናሽ እህቴን ታህላለች፣ ቁጣዋ ግን የአክስት ነው። ራጅ አንሥታ በስሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ክብ ነገር አሳየችኝ። ቁስለቱ አጥንቱን እየበላ የሠራው ጉድጓድ ነው። «ተመትተህ ታውቃለህ?» ስትለኝ የጠበቅኩልህን ምስጢር አወጣሁት። ለካ ምቱ በስሩ ጫፍ የሚገባውን የደም ሥር በጥሶት፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቷል። የሞተ ነገር ደግሞ አያምም፣ ባክቴሪያ ገብቶ እስኪሰፍርበት ድረስ።

የአሞክሲሲሊኑን ስነግራት ተቆጣች። ደም የማይዞርበት ጥርስ ውስጥ መድኃኒት በምን ይገባል? ዙሪያውን ያስታግሳል እንጂ ምንጩ እዚያው ነው። ወይ ውስጡ ይጠረጋል፣ ወይ ይነቀላል። እኔ ይነቀል ብዬ ነበር። የፊት ጥርስ ስሩ አንድ ስለሆነ ማከሙ ይቀላል ብላ ከለከለችኝ። አደንዝዛ ከኋላው በኩል በሳችው። መግሉ ሲወጣ... ምሳ ላይ ከሆንክ ይቅርታ። ሽታው አይነገርም፣ እፎይታውም አይነገርም። ትኩሳት ስለነበረኝ የሚዋጥም አዘዘችልኝ፣ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ዋጥኩት። ውስጡን አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ በጊዜያዊ ሙሌት ደፍናዋለች። ሐሙስ ትጨርሰዋለች። ዐይኔም አልጠፋም። እንዲያውም እብጠቱ ወደ ዐይን ሊሄድ የሚችለው ዝም ሲባል ነው አለችኝ።

ታዲያ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ሠርጉ ላይ በአንድ ጎንህ እያኘክ፣ ሻይህ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር እየጨመርክ፣ «የታች መንጋጋ ጥርሴ ሳምንት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ቆይቶ በራሱ አረፈ» አልከኝ። እየኮራህ! ወንጭፉ፣ ያረፈው ነርቩ ሞቶ ይሆናላ። ጠየቅኋት። የታች መንጋጋ ይብሳል አለች። መግሉ ወደ ምላስ ስርና ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አገጭህ ስር ካበጠ፣ አፍህን መክፈት ወይም ምራቅህን መዋጥ ካቃተህ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። አሁን ባያምህም ራጅ ተነሣ። ምናልባት እስካሁን አስነቅለኸው ይሆናል። ከሆነ ሳቅብኝ። ይህን ሳልነግርህ መተኛት ግን አልቻልኩም።

ብሩን... ወላሂ አጠራቅሜልህ ነበር። ለጥርሱ ወጣ። ግን ስታስበው ጥርሱን የመታኸው አንተ ነህ። እናቻችለው? ቀልዴን ነው። ግማሹ ቀልድ ነው።

ቀጠሮዬ ሐሙስ አራት ሰዓት ነው። ብቻዬን መግባት ፈርቻለሁ፣ ና። የቆላ ሰው ሆነሃልና ጃኬት ያዝ፤ ሐረጎ ላይ ጠዋት ጉም አለ። ሐኪሟም «ያን ባለ ወንጭፍ አምጣውና መንጋጋውን ልየው» ብላለች።

ግራጫው