«ወንድ ለወንድ የጻፈው» ነው እንዴ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃዋርድ ስለ ባለ ሰይፉ ጀብደኛ ስለ ኮናን የጻፋቸውን ታሪኮች መድበል የገመገመው ጸሐፊያችሁ፣ «ወንድ ለወንድ የጻፈው ስለሆነ ሴት አንባቢ ከሁለተኛው ገጽ አታልፍም» ብሎናል። እኔ ሴት ነኝ፤ መድበሉን አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ምናልባት ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ወንድ ሆኜ ይሆናል፤ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ።

ስለ ሴቶቹ አሳሳል ያነሣው ነቀፌታ ትክክል ነው፤ እንዲያውም አለዝቦታል። የባሕር ወንበዴዎቹ ንግሥት ቤሊት፣ ሬሳው ከመርከቡ ወለል ሳይነሣ፣ ኮናንን ገና ከማየቷ ትጨፍርለታለች። ምን ዓይነት ንግሥት ናት? በታሪኮቹ ውስጥ ኩሽ ስለሚባለው አገር ጥቁሮች የተጻፈውንማ የማነበው ጥርሴን ነክሼ ነው፤ እርሱን ገምጋሚያችሁ ጨርሶ አላየውም።

ባለ ሰይፏን ቫሌሪያን ግን ማን ይሰጠኛል? ደራሲው እንደ ልማዱ ልብሷን አስወልቆ መሠዊያ ላይ ያጋድማታል። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ወርውሬዋለሁ። ከወለሉ አንሥቼ ስቀጥል ልትሠዋት የነበረችውን ጠንቋይ በጩቤ ወግታ የምትገድለው ራሷ ቫሌሪያ ሆና አገኘኋት፤ ኮናን አይደለም። ለዚያች አንዲት ገጽ ስል ብዙ ይቅር ብዬዋለሁ።

«ወንድ ለወንድ» ወዳለው ልመለስ። ታሪኮቹ ከ1932 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጡት ዊርድ ቴልስ በተባለ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነው። መሠዊያ ላይ የተጋደመችውን ሴት ጭምር ለሽፋኑ የሣለችው ማርጋሬት ብራንዴጅ ናት። ራቁት ሴቶቹን የሣለችው ሴት መሆኗ ለክርክሬ እንደማይመች አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው። በዚያው መጽሔት በ1934 ጂሬል የምትባል ባለ ሰይፍ ሴት ይዛ ብቅ ያለችው ደግሞ ካተሪን ሉሲል ሙር ነች። የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ መጻፏን አለቆቿ እንዳያውቁባት የራሷንና የመካከለኛ ስሟን በሁለት ፊደል አሳጥራ ነበር የምታሳትመው።

አለቆቹን እኔም አውቃቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥሬያለሁ። መድበሉን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስገዛ «ለልጅሽ ነው?» ተባልሁ። ሽፋኑን በእናንተው ጋዜጣ ለብጬ መሳቢያዬ ውስጥ አኖርሁት። አንድ ቀን አለቃዬ ማኅተም ፈልጎ ሲከፍት አገኘው፤ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየና «እንደ እርስዎ ያለች የልጆች እናት!» አለኝ፣ ደንበኛ ፊት። ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ቀኑን ሙሉ የስፖርት ጋዜጣ ሲያገላብጥ የልጆች አባት መሆኑን ያስታወሰው ሰው የለም። አሁን ደግሞ ጡረታ ወጥቼ፣ በገዛ ቤቴ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ አታነቢውም የሚለኝ ሌላ አለቃ ከጋዜጣችሁ መጣልኝ!

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ የሁለቱንም ሴቶች ስም ሳታሳጥሩ ጻፉልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ