አምፕሊፋየሩን እንዳትሸጠው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ የሚለውን ክርክር የሚዳኝልን ሰው ስለማናገኝ እንለፈው።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተመለሰ ወዳጃችን፣ አሮጌው አምፕሊፋየርህ ጫጫታ እንዳበዛብህ ነገረኝ። ወይ እሸጠዋለሁ፣ ወይ ቱቦዎቹን፣ እነዚያን አምፖል የሚመስሉ ድምፅ የሚያጎሉ መስታወቶች፣ በሙሉ አስቀይራለሁ ብለሃል አሉ። ሁለቱንም ተው! የኤሌክትሪክ ፒያኖህን ቁልፎች ጠንከር አድርገህ ስትመታ ሻከር ብሎ የሚወጣው ድምፅ በየትኛው አዲስ ዕቃ ይገኛል? ቱቦዎቹን ሁሉ መቀየርም ያለ ምርመራ መድኃኒት መዋጥ ነው። ዋጋውንም አንተ ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ጫጫታውን ለይ። እምምም የሚል ከሆነ በፒያኖህ አስተያየው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ስለሆነ፣ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ሲያረጁ የሚመጣው እምምታ 100 ሄርዝ ላይ ይሰማል፤ ይህም ሶል ለሚባለው ኖታ በጣም የቀረበ ነው። በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለው ሶል ከሆነ ግን ቱቦም፣ የመሬት ሽቦም ይጠረጠራል። እዚህ መብራቱ 60 ሄርዝ ስለሆነ እምምታው በሲ ቤሞልና በሲ ኖታዎች መካከል ይገባና ከማንም ጋር አይስማማም። በዚህ እንኳ ታድለሃል።

የሚንጣጣ ወይም የሚሸውሽ ከሆነ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፍና ዝቅ አድርግ። ጫጫታው አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ምንጩ ከመቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ካልተነካ ከእርሱ በኋላ ነው። ከዚያ ከጀርባ በኩል ወደ ትንንሾቹ ባለ ዘጠኝ እግር ቱቦዎች ሂድ። አብዛኞቹ 12ኤኤክስ7 ናቸው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 የሚሉት ነው። አጥፍተህ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ፣ የፒያኖው ገመድ ከሚሰካበት ከግቤቱ በኩል ጀምረህ በየተራ ንቀል፤ ደግሞ አብርተህ አዳምጥ። ስትነቅል ቀጥ አድርገህ፣ በጣም በቀስታ ወዝወዝ እያደረግህ ሳበው፤ እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ቶሎ ይጎብጣሉ። አንዱን ስትነቅል ጫጫታው ከጠፋ፣ በዚያው ቦታ ደህናነቱ የታወቀ ቱቦ ሰካ። ጫጫታው ተመልሶ ከመጣ ቱቦው በሐሰት ተከሷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የመሰኪያው እድፍ ወይም ያረጀ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ነው። በእነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ላይ 100 ኪሎ ኦም የሆኑት የካርቦን ሬዚስተሮች በመንጣጣት የታወቁ ናቸው፤ ብዙ ቱቦ በእነርሱ ጥፋት ተጥሏል።

ሌላም ምርመራ አለ። ዕቃው በርቶ እያለ እያንዳንዱን ትንሽ ቱቦ በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው። ጤነኛው ጠብ የሚል ደካማ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የላላው ግን በስፒከሩ በኩል ያቃጭላል። መስታወቱ አናት ላይ ያለው ብር መሳይ ቅብ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታልና ሳትፈትሽ አስወግደው። ትልልቆቹን የውጤት ቱቦዎች ለባለሙያ ተውለት፤ በጥንድ ተመርጠው ሲገቡ የሚስተካከል ነገር አላቸው።

አደራህን፣ የብረቱን ሣጥን አትክፈት። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ካፓሲተሮቹም ከመብራት ከተነቀለ በኋላ ያንን ይዘው ይቆያሉ። እኔን አንድ ጊዜ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አደንዝዞኛል፤ ደጋግሜ የምለው ለዚህ ነው።

ለገና ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ሁለት ስሎቫኪያ የተሠሩ 12ኤኤክስ7 እልክልሃለሁ። አንዱ ለመፈተሻ፣ ሌላው ለመተኪያ ይሁንህ። ውጤቱን ጻፍልኝ። ለእትዬም፣ ለልጆቹም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ