ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሰው ጀርባ ስትነጂ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከኮምቦልቻ የኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ነጂዎች ጋር መውጣት እንደምትጀምሪ እናትሽ ነገረችኝ። ጉልበቱ እንዳለሽ ስለማውቅ በዚያ በኩል አልሰጋም። ብቻን መንዳትና በሰው መሀል መንዳት ግን ለየቅል ናቸው። ብቻሽን ስትሳሳቺ የምትወድቂው አንቺ ነሽ፤ በቡድን ስትሳሳቺ ከኋላሽ ያለው ሁሉ ይወድቃል። በዚህ ስፖርት ባለጌ የሚባለውም በአብዛኛው የራሱን ጥፋት ሌላ ሰው እንዲከፍልለት የሚያደርግ ነው። አፈ ክፉውም አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከርቀት ልጀምር። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በሰከንድ 10 ሜትር እየሄድሽ ነው። ከፊትሽ ካለው ጎማ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ሆነሽ ሰውየው ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ዓይንሽ አይቶ እጅሽ እስኪታዘዝ ጎማው ላይ ደርሰሻል። ያም ሆኖ ሁሉም ይጠጋል፤ ከሰው ጀርባ ያለ ነጂ ነፋሱን ስለማይጋፋ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይተርፈዋል። አንቺ ለጊዜው አንድ ሜትር ያህል ራቂ፤ የሰዎቹን አነዳድ ስትለምጂ ትጠጊያለሽ። ዓይንሽን ጎማው ላይ አትትከዪ፣ በትከሻው በላይ አሻግረሽ መንገዱን እዪ።

የፊት ጎማሽ ደግሞ ከሰው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን እንዳይደራረብ። እሱ ጉድጓድ ለመሸሽ ትንሽ ዞር ቢል ጎማዎቹ ይነካካሉ፣ የሚወድቀውም ከኋላ ያለው ነው። ብስክሌት የሚቆመው መሪው ወዳዘነበለበት ጎን ትንሽ ትንሽ እየዞረ ሚዛኑን ስለሚያስተካክል ነው፤ የፊት ጎማሽ በሌላ ጎማ ከታገደ መሪው አይዞርልሽም። የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን መንገዱን ይቀጥላል። ወድቀሽ ስትነሺ «ጣልከኝ» ብትዪው የሚስቅብሽም ለዚህ ነው፤ ርቀት መጠበቅ የኋለኛው ሥራ ነው።

ፊት ሆኖ ነፋሱን መጋፋት በየተራ ነው፤ ተራሽ ደርሶ ፊት ስትወጪ ፍጥነት አትጨምሪ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ፊቱ ባዶ ሲሆንለት ልቡ ይሞቅና 32 የነበረውን 36 ያደርገዋል። በዚያች ሰዓት ተራውን የጨረሰው ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደ ኋላ እየወረደ ነው። የመጨረሻውን ጎማ ልያዝ ሲል ቡድኑ ይሸሸዋል፣ አንዴ ክፍተት ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ብቻውን ነፋስ እየገፋ አይደርስም። ቆጣሪው ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ጠብቀሽ ተራሽን ጨርሺ። ስትለቂም ቅደም ተከተል አለው፦ ወደ ኋላ ዞር ብለሽ መኪና መኖር አለመኖሩን እዪ፣ ክርንሽን አወዛውዢ፣ ወደ ጎን ውጪ፤ ፔዳል የምትቀንሺው ከወጣሽ በኋላ ብቻ ነው። ነፋሱ ከጎን ከሆነ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ይለቀቃል፣ ሌሎቹ የተጠለሉት በተቃራኒው በኩል ነውና። መንገዱ መኪና የሚበዛበት ከሆነ ግን በየት በኩል እንደሚለቀቅ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ከደከመሽ ተራ መዝለል ነውር የለውም። «ደክሞኛል» በዪና ጭራው ላይ ሁኚ፤ ተራውን የጨረሰ ሰው ሲመጣም ከፊትሽ ቦታ ክፈቺለት። ነውሩ ሰው ጀርባ ተለጥፎ ውሎ የከተማው ታፔላ ሲታይ ዘሎ ቀድሞ መግባት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ጀርባውን አይሰጠውም። ሌላው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስትነዱ ሁልጊዜ ከጎኑ ካለው ሰው ግማሽ ጎማ የሚቀድም አለ። አንቺ ስትደርሺበት እሱ ይጨምራል፣ ዝም ብሎ የተጀመረው ሽርሽር ሳይታወቅ ወደ እሽቅድምድም ይለወጣል። መሪሽን ከመሪው ትክክል አድርጊና እዚያው ቆዪ፤ ከጨመረ ይሂድ።

ዳገት ላይ ከኮርቻ ስትነሺ ብስክሌቱ ከሥርሽ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከኋላ ያለው ሰው ጎማ ላይም ይደርሳል። ከመነሳትሽ በፊት አንድ ማርሽ አክብጂ፣ «ልነሳ ነው» በዪ፣ የምትነሺውም አንዱን ፔዳል ወደ ታች እየረገጥሽ ይሁን። ይህን የማያውቁ ብዙ ዓመት የነዱ ሰዎች አሉ።

የእጅ ምልክቱን እነሱ ያሳዩሻል። ጉድጓድ ሲያጋጥም በእጅ ይጠቆማል፣ ምልክቱም ከፊት እስከ ኋላ ሳይቋረጥ ይተላለፋል። ሁለቱም እጆችሽ ፍሬን ላይ መሆን ካለባቸው ግን ምልክቱን ተዪውና ጩኺ፦ «ጉድጓድ!»፣ «ጠጠር!»፣ «ባጃጅ ከኋላ!»። ምራቅ መትፋትና አፍንጫ ማጽዳት ከጭራ ነው፤ ካልተቻለም ነፋሱ ወደሚሄድበት፣ ሰው ወደሌለበት ጎን። የሙዝ ልጣጭና የብስኩት ላስቲክ ወደ ኪስ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ቆሻሻ የሚጥል ተወዳዳሪን ይቀጣል፤ በዚያው ወር በቤልጂየሙ ውድድር በቱር ኦፍ ፍላንደርስ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ሚካኤል ሼር ኮዳውን ለተመልካች በመወርወሩ ከውድድሩ ተባሯል። የልብስሽን ነገር አላነሳም፣ እናትሽ ጨርሳዋለች።

የሐረጎን ቁልቁለት ጠንቅቀሽ ያዢ። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ተሳቢ መኪና ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ቁልቁለት ላይ የመጠጋጋቱ ነገር ይቅር፤ በመሀላችሁ ሦስት አራት የብስክሌት ቁመት ይግባ፣ ሰልፉም አንድ ለአንድ ይሁን። ኩርባ ላይ ከፊት ያለው ሰው መስመሩን ይመርጣል፣ ከውስጥ በኩል ሾልኮ ማለፍ ክልክል ነው። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይጀምር በፊት ነው፤ መሀሉ ላይ ከያዝሽ ጎማው ይንሸራተታል፣ ከኋላ ያለውም ይደነግጣል። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን እየጎተቱ መውረድም አይሆንም። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። ከኮርቻው ፊት ባለው ብረት ላይ ቁጢጥ ብለው የሚወርዱ ልጆች ታያለሽ፤ ያ በውድድር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ታግዷል፣ እሑድም ቢሆን አይፈቀድም።

ስትወጡ ደግሞ የጭነት መኪና ጭራ ይዞ የሚጎተት አይጠፋም። መኪናው ቢያቆም ወይም ጉድጓድ ቢገባ የት እንደሚደርስ አስቢው። ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ኒባሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ቩዌልታ (የስፔን ዙር ውድድር) በሁለተኛው ቀን ውሎ የቡድኑን መኪና ይዞ ሲጎተት በካሜራ ታይቶ ከውድድሩ ተባሯል፤ ያውም ከአንድ ዓመት በፊት ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ሰው ነው። ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈ ሰፋ ያለ ዳር ስታገኙ ወጣ ብላችሁ አሳልፉ፤ ለጠበቀሽ ሹፌር እጅሽን አንሺለት። በሰኞ ወደ ባቲ አትንዱ። የገበያ ቀኑ ነው፣ መንገዱ የግመልና የከብት ነው፣ በዚያን ቀን እንግዳው እናንተ ናችሁ።

ውድድር ስትገቢ የተጻፈውን ሕግ ዳኛው ያስከብረዋል፤ ለምሳሌ መጨረሻው ላይ በሙሉ ኃይልሽ መንዳት ስትጀምሪ የያዝሽውን መስመር ለቀሽ የሌላውን መንገድ መዝጋት አይቻልም። አስቸጋሪው ያልተጻፈው ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የነዳውን ቱር ደ ፍራንስ ታውቂዋለሽ። እዚያው ውድድር ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ውድድሩን ይመራ የነበረው አንዲ ሽሌክ ዳገት ላይ ካቴናው ወለቀ፤ አልቤርቶ ኮንታዶር ጥሎት ሄዶ 39 ሰከንድ አተረፈ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ፓሪስ ላይም ያሸነፈው በዚያችው 39 ሰከንድ ነበር። ማታውኑ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሕዝቡ ግን ጮኾበት ነበር። በኋላ ድሉ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ተነጥቆ ለሽሌክ ተሰጠ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ታዴይ ፖጋቻር ቁልቁለት ላይ ሲወድቅ መሪው ዮናስ ቪንጌጎ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው፤ ፖጋቻር ደርሶ እጁን ጨበጠው፣ ከዚያ ዳገቱ ላይ ቪንጌጎ አሸነፈው።

እኔ እንዲህ አየዋለሁ፦ ተቀናቃኝሽ ወድቃ ወይም ካቴናዋ ወልቆ ስታዪ በዚያች ቅጽበት አታጥቂ፣ ማለትም ፍጥነት ጨምረሽ ጥለሻት አትሂጂ። ውድድሩ ቀድሞ ተፋፍሞ፣ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ እየነዳ ከነበረ ግን ማንም ቁሚ ሊልሽ አይችልም። ልዩነቱን የሚወስነው ጥቃቱ የጀመረው ከመውደቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነገር ነው። የተጎዳ ሰው ካየሽ ደግሞ ውድድሩ ይቅር፣ ውረጂ።

አሁን ወደ አፈ ክፉው። ሴት ስታልፈው የሚያንገበግበው ወንድ ያጋጥምሻል። ታልፊዋለሽ፣ ተነስቶ ያልፍሻል፣ ከፊትሽ ገብቶ ይቀንሳል፣ እንደገና ስታልፊው እንደገና ይነሳል። አትፎካከሪው። ፍጥነትሽን ሳትቀይሪ ቀጥዪ፤ ዳገቱ ራሱ ያስቀረዋል፣ ካላስቀረው ደግሞ ይቅደም፣ ለሻይ ስትቆሚ ታገኚዋለሽ። ሳትጠይቂው ምክር የሚያዘንብም አለ፤ «እሺ» ብለሽ ማለፍ ነው። ዳገት ላይ ጀርባሽን ይዞ ለመግፋት እጁን የሚሰድ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀ «እጅህን አንሳ» በዪው፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። አክብሮት ማለት ዝም ማለት አይምሰልሽ። ባለጥፋቱ እኩያሽ ከሆነ እየነዳችሁ አትጨቃጨቂ፤ ሲቆም ለብቻው ጠርተሽ ያደረገውን ነገር ብቻ ንገሪው፣ «ኩርባው ላይ በውስጥ አለፍከኝ» ብለሽ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከሆነ «እርስዎ» ብለሽ ያንኑ ትናገሪያለሽ፤ ዕድሜ ኩርባ ላይ መብት አይሰጥም። የማታውቂው ነጂ መንገድ ላይ ብታገኚ ደግሞ ሳትናገሪ ጀርባው ላይ አትለጠፊ። ሰላም በዪው፣ «ጀርባህን ልያዝ?» በዪ። የቆመ ካየሽ «ምን ጎደለህ?» ሳትዪ አትለፊ፤ ብስክሌቱ ያረጀ መሆኑን አይተሽ ፊት አትንሺው።

ወደ ደሴ ስትመጪ ማውንቴኑን (የተራራ ብስክሌቱን) ይዘሽ ጦሳ ወይም ኩታበር መውጣትሽ አይቀርም። የእዚያ ደንብ ይለያል፣ መንገዱ የእግረኛ ነውና። እንጨት የተሸከመች እናትና የተጫነች አህያ ሁልጊዜ ይቀድማሉ። አህያዋ ጭነቷ ግራና ቀኝ ስለሚወጣ ዳር መያዝ አትችልም፣ መንገዱን የምትለቂው አንቺ ነሽ። ከሩቁ ፍጥነት ቀንሺና ድምፅሽን አሰሚ፣ «እንደምን ዋላችሁ» በዪ። እንስሳ ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር ያስበረግገዋል፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል። ቦታው ከፈቀደ ከመንገዱ በታች በኩል ቁሚ፤ የበረገገ እንስሳ ወደ ላይ መሸሽ ይቀናዋል። ሁለት ነጂ ሲገናኝ ወራጁ ለወጪው ይለቃል፣ ዳገት ላይ የቆመ ሰው እንደገና መነሳት ይከብደዋልና። ስታልፊም ከኋላሽ ስንት ሰው እንደቀረ ተናገሪ፦ «ሁለት ቀርተዋል»።

የኋላ ጎማ ቆልፎ መንሸራተት ለልጆች ጨዋታ ይመስላል። ጎማው መሬቱን ያርሰዋል፣ በክረምት ውሃው ያንን ይዞ ቦይ ያደርገዋል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዋልካው ጎማሽ ላይ መለጠፍ ከጀመረ ተመለሺ፤ በዚያ ላይ መንዳት መንገዱንም ማርሹንም ያበላሻል። ጭቃውን ለመሸሽ በዳር በዳር መሄድ ደግሞ መንገዱን ወደ ሰው ማሳ ያሰፋዋል፤ ውረጂና በመሀሉ ግፊ። እርከን ስትደርሺ ብስክሌቱን ተሸክመሽ ተሻገሪ። ከእርከን ድንጋይ አንስቶ መዝለያ የሚሠራ ጓደኛ ካለሽ ግን ከእሱ ጋር አትውጪ። ያ ድንጋይ የገበሬው ጉልበት ነው፣ ከፈረሰ አፈሩ በአንድ ዝናብ ይወርዳል። የተከለለ ተራራም ለማገዶ እንደተዘጋ ሁሉ ለጎማም ዝግ ነው።

እሑድ ስትወጪ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ፖምፓ፣ የአለን ቁልፍ፣ ውሃና የታክሲ ብር ያዢ። ጎማ ፈንድቶበት ሁሉን ከሰው የሚለምን ሰው ሌላውን ሁሉ ያስቆማል። ቅዳሜ ማታ ፍሬንሽን ፈትሺ፣ ካቴናሽን ቅቢ፣ የመሪሽን ጫፎች እዪ። መክደኛ የሌለው የመሪ ጫፍ በመውደቅ ጊዜ ሥጋ ይበሳል፤ ውድድር ላይ ዳኛ ካየው አያስነሳሽም። የአንቺ የግራው እንደጠፋ እናትሽ ነግራኛለች፤ ሁለት መክደኛ በፖስታ አሽጌ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ።

አባትሽ
ደሴ