የተፈጥሮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዳና ማንበብ

ዘንድሮ ክበቡ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ አውሬው ሳይታይ ከዳናው ማን እንዳለፈ መለየት። በረዶ በሚጥልበት አገር ዳና የሚይዘው በረዶ ነው፤ ጅማ ላይ ጭቃ ነው። ዕቅዳችንም የዝናቡን ጊዜ የተከተለ ነበር። በበጋ መሬቱ ደርቆ ቅጠል ስለሚለብስ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ላይ በወንፊት የተነፋ አፈር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሰን፣ ውሃ ረጭተን፣ በጣውላ እያስተካከልን ማታ እንተወዋለን። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ስለምትመታው ዳናው ጥላ ይይዛል፤ ቀትር ላይ ግን ያው ዳና አይታይም። በሚያዝያ ዝናብ ቡናው ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ብቻውን በቂ ነው።

ትልቅ መዳፍ ሲገኝ ሁሉም «ነብር!» ይላል፤ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ውሻ ነው። ውሻም ጅብም 4 ጣትና የጥፍር ምልክት ይተዋሉ። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ምልክቱ አይታይም። የጅብ የፊት መዳፍ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን ሳይለኩ መፍረድ አይገባም። ቁልቁለት ላይ እግር ስለሚንሸራተት ዳናው ከልኩ ይተልቃል፤ ቢያንስ 4 ተከታታይ ዳና ይለካ። የድኩላ ኮቴ ጠባብና ሹል ነው፤ የዱር አሳማ ግን ክብና ደነዝ ሆኖ፣ ጭቃው ጠለቅ ካለ ከኋላው ሁለት ትንንሽ ነጥብ ይጨምራል። ጉሬዛ አውራ ጣት ስለሌለው እጁ ከዝንጀሮ በቀላሉ ይለያል፤ ችግሩ ከዛፍ እምብዛም አለመውረዱ ነው።

በጣም የፈተነን የዳናውን ቅርጽ የምንቀዳበት ጀሶ ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጦ ዳናው ዙሪያ መትከል፤ ለ1 ኩባያ ውሃ 2 ኩባያ ጀሶ። ጀሶው ወደ ውሃው ይነሰነሳል፤ ውሃው ወደ ጀሶው ከገባ ይጓጉላል። በኃይል ካማሰሉት አረፋ ይይዝና ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። ከላይ በቀጥታ ማፍሰስ የጣቱን ቅርጽ ይንዳል፤ ከጠርዙ ቀስ ብሎ ይግባ። ሲጠነክር ይሞቃል፤ መልሶ እስኪቀዘቅዝ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ መታገሥ ነው። እርጥብ ጠዋት ላይ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከመጠንከሩ በፊት ቀኑና ቦታው ጀርባው ላይ በሚስማር ይጻፋል። ከዚያ ከነአፈሩ ቆፍሮ ማንሳት፤ መታጠቡ በማግስቱ ይሁን። አፉ ተከፍቶ የከረመ ጀሶ እርጥበት ስለሚስብ አይጠነክርም፤ አንድ ሙሉ ከረጢት በዚህ ተበላሽቶብናል።

የጥርኝ ዳና ግን እስካሁን አልተቀዳም። ጥርኝ እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጸዳዳ፣ ቀይ ቡና ስለሚበላም ፍሬው እዚያ ስለሚገኝ፣ መኖሩን እናውቃለን፤ የሚሄደው ግን ቅጠል በለበሰ መሬት ላይ ነው። በሚቀጥለው ኅዳር የተነፋውን አፈር እዚያው መንገዱ ላይ እናደርገዋለን።