ዋናውን ፍርድ አንብቢው

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬና አባዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው ቶሎ ያልመለስኩልሽ፣ አትቀየሚኝ።

የጠየቅሽኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ሕግ ልማር ስል ሰው ሁሉ የጠበቃን ሥራ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ይሠራዋል ይለኛል። ታዲያ ለምን እደክማለሁ?» ብለሻል። እዚህም ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምንከራከርበት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ።

እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያው ዓመት በጣም ይከብዳል። ፕሮፌሰሩ ዝም ብሎ አያስተምርም። ሳታስቢው ስምሽን ይጠራና የአንድን ፍርድ ታሪክ እንድትተርኪ ያደርግሻል። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደራርባል። ለብዙ ኮርሶች ደግሞ ውጤትሽን የሚወስነው አንድ የመጨረሻ ፈተና ነው። የምናነበው አያልቅም፣ እንቅልፍም የለም። እናም አንድ ሌሊት ደክሞኝ ፍርዱን ማንበብ ተውኩና በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳጠርኩት።

ጉዳዩ የሄለን ፓልስግራፍ ነበር። በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ ባቡር ጣቢያ ቆማ ሳለ አንድ ሰው በመሄድ ላይ ያለ ባቡር ላይ ሊወጣ ይሮጣል። የባቡሩ ሠራተኞች ደግፈው ሲያስገቡት የያዘው ጥቅል ይወድቃል። ውስጡ ርችት ነበርና ይፈነዳል። ራቅ ብሎ የቆመ ሚዛን በሴትየዋ ላይ ወድቆ ይጎዳታል። የባቡር ድርጅቱ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም? በ1928 ፍርድ ቤቱ 4 ለ 3 ተከፍሎ አይጠየቅም አለ። ዳኛ ካርዶዞ ሠራተኞቹ ለእሷ አደጋ ይመጣል ብለው ሊገምቱ አይችሉም ሲል፣ በውሳኔው ያልተስማማው ዳኛ አንድሪውስ በልዩነት ሐሳቡ ጥንቃቄ የሚገባው ለሁሉም ሰው ነው አለ።

እኔ ያገኘሁት ማጠቃለያ የአንድሪውስን ሐሳብ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አድርጎ ነበር የጻፈው። በማግስቱ ተጠራሁ። በድፍረት ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩ «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብቻ አለኝ። መጽሐፉን ገልጬ ስፈልግ ደሜ ቀዘቀዘ። በጣም አፈርኩ።

እኔ ያጣሁት የአንድ ቀን ክብር ነው። የከፋም ደርሷል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች አየር መንገድን በከሰሰ ተሳፋሪ ጉዳይ ላይ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ፍርዶቹ በዓለም ላይ የሉም። አንደኛው ጠበቃ «እውነተኛ ናቸው ወይ?» ብሎ መልሶ የጠየቀው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነበር፤ አዎ አለው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። እኔን ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደንበኛው ነው። አምኖ ጉዳዩን የሰጣቸው እኮ እንዲያነቡለት ነው።

ክፍል ውስጥ በጣም ያጨቃጨቀን ግን የ2016ቱ የዊስኮንሲን ጉዳይ ነው። ኤሪክ ሉሚስ የሚባል ተከሳሽ ሲቀጣ፣ ዳኛው ሰውየው ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድሉን የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውጤት አይቶ ነበር። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያሰላ ግን የድርጅቱ የንግድ ምስጢር ነው ተባለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በጥንቃቄ ሊያዩት ይችላሉ፣ ቅጣቱ ግን በእሱ ብቻ ሊወሰን አይገባም አለ። ግማሾቻችን «ዳኛም ይደክማል፣ ያዳላል፤ ቁጥሩ ቢያግዝ ምን አለበት?» ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ምስክርን መስቀለኛ ጥያቄ ትጠይቂዋለሽ። አፍ የሌለውን፣ ውስጡም የተዘጋብሽን ነገር ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?

ሌላ ልንገርሽ። ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ ሰብሮ በመግባት ተከሶ ጠበቃ ይሰጠኝ ሲል ተከለከለ። አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። በ1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ተቀበለው፤ በከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ይቁምለት ተባለ። ጊዲዮን በጠበቃ ሲከራከር ነፃ ወጣ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ እርሳስ ይታየኛል።

በፍትሐ ብሔር ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ መብት የለም። ቤትሽን ልቀቂ ተብለሽ ብትከሰሺ ባብዛኛው ብቻሽን ነሽ። ይህ የገባኝ በትምህርት ቤታችን የሕግ ክሊኒክ፣ በጠበቃ ቁጥጥር ሥር ነፃ አገልግሎት መስጠት ስጀምር ነው። አንዲት እናት ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። ዝርዝሩ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ አልጽፍልሽም። ብቻ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው አነበብንላት። ስትወጣ ትከሻዋ ቀለል ብሏት ነበር፤ ማንም ከዚያ በፊት አላነበበላትም።

እና እህት ዓለም፣ ሕጉን ተማሪው ነው የምልሽ። ኮምፒውተሩንም ተጠቀሚበት፣ እኔም ፍለጋ ላይ እጠቀምበታለሁ። ስምሽን ከምትፈርሚበት ነገር በፊት ግን ዋናውን ፍርድ በዓይንሽ አንብቢው።

የፓልስግራፍን ፍርድ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የካርዶዞም የአንድሪውስም አለበት። ካነበብሽ በኋላ ከማን ጋር እንደሆንሽ ጻፊልኝ። እኔ የማንን እንደደገፍኩ አሁን አልነግርሽም፣ እንዳልጫንሽ። እማዬንና አባዬን ሳሚልኝ። እሁድ እደውላለሁ።

ወንድምሽ