ልጓሙን ከማንሳትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? አያትህስ እንዴት ሰነበቱ? የጉልበታቸው ነገር አሁንም ያሳስበኛል፤ ብርዱ እስኪለቅ ድረስ በማለዳ ወደ ሜዳ እንዳይወጡ አደራ ብላለች በልልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስለ አዲሱ ፈረስህ ስለ ዳማው የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ እንደሚለጥፍ፣ ልጓም ሊገባለት ሲል ራሱን ወደ ላይ እንደሚወረውር፣ አንድ ቀንም ክንድህን ሊነክስ እንደቃጣ ነግረኸኛል። ጎረቤቶችም መክረውሃል፤ ሁለት ቀን ሳይበላ ይደር፣ ከዚያ በከባድ ልጓም ተይዞ አለንጋ ይቅመስ፣ ያኔ ይገራል ብለዋል። አንተ ደግሞ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ልታደርሰው ቸኩለሃል። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፤ አታስርበው፣ አትምታው፣ ዘንድሮም እንጅባራ ሜዳ ላይ አታውጣው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልነግርህ ይገባል። አሁን የራስህ ፈረስ ያለህ ሰው ስለሆንክ እናቴ ስላለች ብቻ ብለህ እንድትቀበለኝ አልፈልግም።

መጀመሪያ ዳማው ይታመም እንደሆነ እንይ። እዚህ ቢሾፍቱ ለሕክምና ከሚመጡልን የጋሪ ፈረሶች መካከል ባለቤቶቻቸው «አመል አወጣ» ብለው የሚያመጧቸው ብዙ ናቸው። አፋቸውን ስንከፍት የከንፈራቸው ጥግ ተሰንጥቆ፣ ምላሳቸው ተልጦ እናገኛለን። የጭነቱን ማሰሪያ ስንፈታ ደረታቸው ላይ የቆየ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ሲድን «አመሉ» አብሮ ይጠፋል። ፈረስ አመመኝ ብሎ የሚናገርበት አንደበት የለውም፤ ያለው ጆሮ፣ ጭራ፣ ጥርስና እግር ነው፤ የሚናገረውም በእነዚሁ ነው። ዳማው እየነገረህ ያለውን ሳንሰማ ቅጣት ብንጀምር መናገሩን እንቀጣበታለን እንጂ ሕመሙን አናድነውም።

ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ነው ብለሃል። ፈረስ የፊት ጥርሶቹን የሚቀይረው በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው፤ በዚሁ ዘመን የመንጋጋ ጥርሶቹም ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ዳማው አሁን ጥርስ እያወጣ ያለ ልጅ ነው፤ ድዱ ይቆስላል፣ ያብጣል። ብረቱ ደግሞ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ያለው ሥጋ ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው አጥንት ነው። በአገራችን የተለመደው ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው፤ ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ይጨብጣል። የአያትህን የመሰለ የለሰለሰ እጅ ይዞት ፈረሱን ላይጎዳው ይችላል። ገና በሚለማመድ እጅ ግን ያ ብረት አደገኛ ነው። ልጓሙን ለጊዜው ግድግዳ ላይ ስቀለው። ከለስላሳ ገመድ ብረት የሌለበት የራስ ማሰሪያ ይሥሩልህ፤ አያትህ ይችሉበታል።

ቀጥሎ ጀርባውን ፈትሽ። መዳፍህን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርገህ ከትከሻው ጀምረህ እስከ ወገቡ ቀስ እያልክ ተጫነው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ጭራውን ካወናጨፈ እዚያ ላይ ሕመም አለ። ኮርቻውን ያለ ግላስ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጨርቅ አውጥተህ፣ አስቀምጥበትና ከኋላው ራቅ ብለህ፣ ዝቅ ብለህ ተመልከት። ከአከርካሪው በላይ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ማየት አለብህ። ካላየህ እንጨቱ አጥንቱ ላይ እያረፈ ነውና ያ ኮርቻ ለእርሱ አይሆንም። የጀርባው አጥንቶች እድገታቸውን የሚጨርሱት አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑንም አትርሳ። አንድ ፈረስ የሚሸከመው ሰውየው፣ ኮርቻውና ዕቃው ተደምሮ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የእኛ ደጋ ፈረሶች ደግሞ ትንንሾች ናቸው። አንተ እንደ አጎትህ ረዝመሃል። ስለዚህ ለጊዜው ከጎኑ መሄድ እንጂ ላዩ ላይ መቀመጥ ይቆይህ።

ስለ ማስራብ ያሉህን በተለይ እንድትተው እለምንሃለሁ። የፈረስ ጨጓራ ከግዙፍነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ አሲድ የሚያመነጨውም በልቶም ሳይበላም ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ነው። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከግማሽ ቀን በላይ ሲግጥ የሚውለው። ሁለት ቀን ባዶ ሆዱን ያደረ ፈረስ ፈዝዞ ይታይ ይሆናል፤ ውስጡ ግን እየቆሰለ ነው። ያ መፍዘዝ መገራት አይደለም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ አያትህን ሰምተህ ይሆናል። ጦረኛው ሰውየው እንጂ ፈረሱ አይደለም ለማለት ነው፤ ከተፈጥሮውም ጋር ይስማማል። ፈረስ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ከአዳኝ አውሬ እየሸሸ የኖረ ፍጥረት ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን የተተከሉት ዙሪያውን ሁሉ ለማየት ነው፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ብቻ ነው። ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብለህ ደርሰህ ግንባሩን ለመንካት እጅህን ስትሰነዝር ድንገት ከባዶ ቦታ የመጣ እጅ ይሆንበታል። ከትከሻው በኩል፣ እያናገርከው ቅረበው። የሚሸሽበት እስካለው ድረስ ይሸሻል፤ አጭር ገመድ ታስሮ መሸሽ ሲያቅተው ነው ጥርሱን የሚያነሳው። ክንድህን ሊነክስ የቃጣው ታስሮ ሳለ እንደነበር ጽፈህልኛል። አየህ?

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ብትይዝልኝ የምወደው ይህችን ነው፤ ፈረስ የሚማረው ገመዱ በሚላላበት ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው ስንጎትተው፣ ስንጫነው፣ ስንገፋው የሚማር ይመስለዋል። ገመዱን ወደ ፊት በቀስታ ሳበው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ሳትነቀንቅ ጠብቅ። ክብደቱን ትንሽ እንኳ ወደ አንተ ሲያዘነብል ወዲያው ልቀቅለት፤ ሙሉ እርምጃ እስኪራመድ አትጠብቅ። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከዘገየህ ከምን ጋር እንደሚያያይዘው አያውቅም። ከተራመደልህ በኋላም መሳብህን ከቀጠልክ መራመድ ምንም እንደማይጠቅመው ታስተምረዋለህ፤ ሁለተኛ ጊዜ አይራመድም፤ አንተም እልኸኛ ትለዋለህ። ራሱን ወደ ላይ ሲወረውር ደንግጠህ ስትለቀው ደግሞ ራሱን መወርወር ነጻ እንደሚያወጣው ይማራል። ዳማው ይህን አመል ያገኘው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ራሱን ሲወረውር እጅህ ከእርሱ ጋር ይውጣ፤ አትጎትተው፣ አትልቀቀውም። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ነው ገመዱ የሚላላው። እጅህ ይህን ከለመደ ከብርቱ ጉልበት ይልቅ ትዕግሥት እንደሚፈልግ ራስህ ትረዳዋለህ።

ከመልቀቁ ጋር ደስ የሚለውን ነገር ጨምርለት። ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከኮርቻው ማረፊያ ፊት ያለውን ከፍታ በጣቶችህ እከክለት። ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ላይ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በካማርግ ፈረሶች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት ያ ቦታ ሲታከክ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ ታይቷል። የሚወደው ከሆነ አንገቱን ይዘረጋል፣ የላይኛው ከንፈሩ ይረዝማል። ገብስም መስጠት ትችላለህ፤ ግን ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ ያውም በተዘረጋ መዳፍ። ኪስህን እያሸተተ ሲገፋህ አትስጠው። ራሱን ከአንተ ዞር አድርጎ ረጋ ብሎ ሲቆም ስጠው። መንከስ የሚቃጣው ፈረስ በዚህ መንገድ ራሱን ማዞር እንደሚያስገኝለት በፍጥነት ይረዳል።

ኮርቻውን በተመለከተ ከግላሱ ጀምር። መሬት ላይ አስቀምጥለትና ራሱ መጥቶ ያሽትተው። ከዚያ አንስተህ ትከሻውን ነካ አድርግለትና እርሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት መልሰህ አንሳው። ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ጀርባው ላይ አሳርፈው። በግራ በኩል ያስተማርከውን ሁሉ በቀኝም አስተምረው። አንዳንዶች አጭር አድርገው አስረው፣ እስኪሰለችና እጁን እስኪሰጥ ድረስ ጨርቅ ያርገበግቡበታል። ይህን አታድርግ፤ መማር የሚችለው ፍርሃቱ ከአቅሙ በታች ሲሆን ነው። ሩብ ሰዓት ለአንድ ቀን ይበቃዋል። ጥሩ ነገር ሲሠራልህ እዚያው ላይ አቁመህ ወደ ግጦሹ ልቀቀው።

ቆዳው ወፍራም ስለሆነ አለንጋ አይሰማውም ይሉሃል። ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አላየህም? እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች የፈረስና የሰውን የዳሌ ቆዳ በአጉሊ መነጽር አነጻጽረው ነበር። ሕመምን የሚያውቁት የነርቭ ጫፎች በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ በፈረስም በሰውም ያላቸው ብዛት ጉልህ ልዩነት እንደሌለው አገኙ። አንተን የሚለበልብህ እርሱንም ይለበልበዋል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝነኝን ልንገርህ። ከቢሾፍቱ ጋሪ ፈረሶች መካከል በጣም ጸጥ ያሉት ሁልጊዜ የተረጋጉት አይደሉም። ልትነካቸው ስትቀርብ ጆሯቸው አይዞርም፣ ቁስላቸውን ስታጥብ እንኳ ዓይናቸው አይርገበገብም። ባለቤቱ «ይህኛው ጨዋ ነው» ይለኛል። ያ እንስሳ ምንም ቢያደርግ ዱላው እንደማይቀርለት ስላወቀ መሞከሩን ትቷል። ባለ ጋሪዎቹን ክፉ ናቸው ብዬ አልፈርድም፤ ቤተሰብ የሚመግቡት በዚያች ፈረስ ነው፤ ብዙዎቹም ሲነገራቸው ማሰሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እያጠጡ ለውጥ አሳይተውናል። አንተ ግን ዳማው ዝም ሲልህ ገራሁት ብለህ አትደሰት። ስትመጣ ጆሮውን ወደ አንተ ያዞራል ወይ? ገመድ ሳትይዝ ከኋላህ ይከተልሃል ወይ? የምትመዝነው በዚህ ነው።

በውጭው ዓለምም ይህ ነገር ሰውን እያነጋገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ አምስት ስፖርቶች በሚጣመሩበት በዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር ተወዳዳሪዎች የማያውቁት ፈረስ በዕጣ ይደርሳቸው ነበር፤ ለመተዋወቅ የሚሰጣቸው 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሴንት ቦይ የተባለው ፈረስ በአንዷ ተወዳዳሪ ሥር አልዘልም ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ለወርቅ ስትመራ የነበረች ጀርመናዊት ደረሰችው። እርሷ ላይም እንቢ አለ። እርሷ አለቀሰች፣ በአለንጋ መታችው፤ አሠልጣኟም ፈረሱን በቡጢ ስትመታ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። አሠልጣኟ ከጨዋታው ተባረረች፤ ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላም ፈረስ ግልቢያ ከዚያ ውድድር ወጣ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስበው ያንን 20 ደቂቃ ነው። አንተ ለዳማው መስጠት የምትችለው ጊዜ አለህ። ለምን ራስህ ላይ ታሳጥረዋለህ?

የጥር 23 ጉጉትህ ይገባኛል፤ እኔም ያደግሁበት በዓል ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ያኔ ታላላቆቹ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሰው ስሙን የሚወስደው ከሚያከብረው ነው። ዳማው በዚያ ሕዝብ መካከል፣ ከዚያ ሁሉ እልልታና ሽምጥ ጋር እንዲቆም ከፈለግህ አስቀድመህ አስለምደው፤ በገበያ ቀን ከሩቅ ሆኖ ግርግሩን ይመልከት፣ ሣር ይጋጥ፣ ሲረጋጋ ጥቂት ቅረቡ፣ ሲጨነቅ ተመለሱ። ዘንድሮ አያትህን አጅበህ በእግርህ ሂድና የሚያምርህን ፈረሰኛ እጁን ተመልከት። የሚመጣውን ዓመት ደግሞ እናያለን።

ጎረቤቶችን አትከራከራቸው። ታላላቆችህ ናቸው፤ ያሉህም ለመልካም አስበው ነው። «እናቴ ጥርሱን እስክታየው ጠብቅ ብላኛለች» በላቸው፤ እውነትም ነው። ለጥምቀት ስመጣ የጥርስ መሞረጃዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከንፈሩን ገልጠህ የፊት ጥርሶቹን ከፊትና ከጎን፣ ኮርቻውንም ጀርባው ላይ እንዳለ ከኋላ ሆነህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የኮቴዎቹንም እንዲሁ፤ የፊት ግራውን ያነክሳል ያልከኝ እረፍት ነስቶኛል። አያትህን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ እናትህ
ከቢሾፍቱ