«ታየ» ወይስ ተለካ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ስላሉ ፕላኔቶች ስትጽፉ «ታዩ» የምትለዋን ቃል በጥንቃቄ ያዟት። አብዛኞቹ አልታዩም፤ የታወቁት በኮከባቸው ፊት ሲያልፉ ብርሃኑን ስለሚቀንሱ ነው። ይህን ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሜዳ ሆኖ መለካት ይቻላል።

ኤችዲ 209458 የሚባለው ኮከብ በጥቅምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ ይደርሳል። ፕላኔቱ በ3.5247 ቀን አንዴ ይዞረዋል፤ ሲያልፍም ለ3 ሰዓት ያህል ብርሃኑን በ1.5 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። አንዱ ግርዶሽ (ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ማለፉ) ሌሊት ከሆነ ቀጣዩ በቀን ብርሃን ይውላል። በሳምንቱ ግን 1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ወደ ሌሊት ይመለሳል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ካሜራና ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ ይበቃል። አውቶማቲክ የተባለ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ፎከሱን ሆን ብሎ ትንሽ ማደብዘዝ ግድ ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት ፒክስሎች (የካሜራው ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች) ላይ ከተከማቸ ይሞላሉ፣ የሞላ ፒክስል ደግሞ ቅናሽ አያሳይም። ከግርዶሹ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ሰዓት መቅዳት ያስፈልጋል። በዚያው ምስል ውስጥ ብርሃኑ የሚቀራረብ ሌላ ኮከብም ይለካ፤ ሁለቱም አብረው ከደበዘዙ ደመና ነው።

ክፉው ጠላት ጤዛና ውርጭ ነው። የሌንሱን አንድ ወገን ይበልጥ ስለሚሸፍን ማነጻጸሪያውን ኮከብ ሳይቀር ያበላሻል፤ ሌንሱን በሚሞቅ መቀነት መጠቅለል ነው። ወደ ጣርማ በር ጠርዝ መጠጋትም አይመከርም፣ ጉሙ ፋታ አይሰጥም።

ከደብረ ብርሃን